ቤዝመንት ከታች ሲረጥብ

«ውሃ ሽቅብ አይፈስም» ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው የቤዝመንት ውሃ ግራ ያጋባል። እዚህ ሜሪላንድ ውሃ የገባበትን ቤዝመንት ለምንጠግን ሰዎች ስልክ የሚበዛው ብዙውን ጊዜ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። መሬቱ የጠጣው ውሃ ቀስ ብሎ ይሰርግና የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ ያደርገዋል፤ ከወለሉ በላይ ሲደርስ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ምንጣፉ ይርሳል። ማርች ላይ ይብሳል፤ ዛፎቹ ገና ቅጠል ስላላወጡ ከመሬት የሚስቡት ውሃ ጥቂት ነው።

የእኛ ሰው ቤዝመንቱን ይኖርበታል። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ያርፍበታል፣ ተከራይ ይገባበታል፣ ልደትና ክርስትና ይደገስበታል። ስለዚህ ውሃ ሲገባ ሁሉም ይቸኩላል፤ የመጀመሪያው ጥያቄም «ውሃ የማያስገባ ቀለም ብቀባውስ?» የሚል ነው። ከግድግዳው ጀርባ የቆመ አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ፣ ግርጌው ላይ በካሬ ሜትር 1 ቶን ያህል ይገፋል። ቀለሙ ጥቂት ይቆይና አብጦ ይላጣል። የሚገፋ ውሃ መውጫ ካልሰጡት ራሱ ይፈልጋል።

እኔ መዶሻ ከማንሳቴ በፊት ምንጩን እለያለሁ። አሉሚኒየም ፎይል ግድግዳው ላይ ዘርግቼ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጌ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ ፊቱ ከረጠበ ጥፋቱ የክፍሉ አየር ነው፤ ጀርባው ከረጠበ ውሃው በግድግዳው በኩል እየመጣ ነው። ከዚያ ወደ ውጭ እወጣለሁ። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ይሆን? መሬቱስ ወደ ቤቱ አዘንብሏል? ከግድግዳው 3 ሜትር እስኪርቅ ድረስ 15 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ይህን ማስተካከል ብቻ ብዙ ቤት ያድናል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ወለሉና ግድግዳው ከሚጋጠሙበት መስመር ውሃ መመንጨቱን ከቀጠለ፣ ጉዳዩ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ያኔ የወለሉን ዳር ዳር ሰብረን፣ የተበሳሳ ቱቦ በጠጠር ውስጥ ቀብረን፣ ውሃውን ወደ ጉድጓድ እንመራለን፤ ከዚያ ሳምፕ ፓምፕ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ማዕበል መብራት የሚያጠፋው ፓምፑ በሚፈለግበት ሰዓት ስለሆነ መጠባበቂያ ባትሪ የግድ ነው።

ቤዝመንታቸው እስከ ደረት የሞላባቸው አንድ አባት «ልጄ፣ ዛሬውኑ ጥርግ አድርገህ አውጣልኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ውጭ ያለው መሬት ገና ውሃ እንደጠገበ ነው። የውስጡን ባንዴ ካወጣነው ግድግዳው ወደ ውስጥ ሊናድ ይችላል» አልኳቸው። መብራቱ ከውጭ መቋረጡን ካረጋገጥን በኋላ በቀን ሲሶውን ያህል ብቻ እያወጣን፣ ከፍታውን ግድግዳው ላይ እያሰመርን ጨረስነው። ውሃው ጥልቅ ሲሆን ደንቡ ይኸው ነው። ጥቂት ከሆነ ግን ቶሎ ይውጣ፤ ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል።

የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ከመሬት ለሚሰርግ ውሃ አይከፍልም፤ ውልዎን አውጥተው ያንብቡ። ፓምፕ ካለዎትም ዛሬ አንድ ባልዲ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ያፍስሱና መነሳቱን ያረጋግጡ።