ቆሞ የተለካ ጢስ፤ በቤንዚን ተሽከርካሪዎች ጢስ አለካክ ላይ የቀረበ ሂስ

ቁጥር የያዘ ጽሑፍ ቁጥር ካልያዘው ይልቅ ይታመናል። አንድ ተማሪ «የዲላ አየር በመኪና ጢስ ተበክሏል» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ማስረጃ ይጠይቀዋል፤ «ከጢሱ 4 በመቶው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ተገኘ» ብሎ ቢጽፍ ግን ጥያቄው ወዲያው ይቆማል። የዚህ ሂስ ዓላማ ጥያቄው እዚያ ላይ መቆም እንደማይገባው ማሳየት ነው። ቁጥሩ የት፣ እንዴት፣ ሞተሩም ምን በሚሠራበት ጊዜ እንደ ተገኘ ካልተነገረ፣ መሣሪያው እውነተኛ ሆኖ ሳለ መደምደሚያው ሐሰት ሊሆን ይችላል።

አስቀድሞ ዘዴውን በትክክል መግለጽ ይገባል። ቤንዚን በሲሊንደር ውስጥ ፍጹም ቢቃጠል ኖሮ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የውሃ ተንና ከአየሩ የተረፈው ናይትሮጅን ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ኦክሲጅን ሲያንስ ካርቦኑ በግማሽ ተቃጥሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ ከነዳጁም ጥቂቱ ሳይቃጠል ሃይድሮካርቦን ሆኖ ይወጣል፤ የቃጠሎው ሙቀት እጅግ ከፍ ሲል ደግሞ የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክሲጅን ተዋሕደው ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራሉ። የመለኪያው መሣሪያ ከማርሚታው ጢስ በቱቦ ስቦ ኢንፍራሬድ የሚባለውን የማይታይ ብርሃን ያሳልፍበታል። እያንዳንዱ ጋዝ የራሱን የብርሃን ሞገድ ስለሚውጥ፣ ከጎደለው ብርሃን የጋዙ መጠን ይታወቃል። በዚህ ሥራው መሣሪያው የሚነቀፍ አይደለም።

የሚነቀፈው መሣሪያው የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። በምርመራ ጣቢያዎች በሰፊው የተለመደው ዘዴ መኪናውን አቁሞ፣ ማርሹን አውጥቶ፣ ሞተሩ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ዝቅተኛ ዙር እየዞረ ሳለ መለካት ነው። በሚኒሞ የሚዞር ሞተር ጭነት የለበትም፤ የቃጠሎው ሙቀት ዝቅተኛ ስለሆነ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራው በጣም ጥቂት ነው። ያው ሞተር ሰውና ጓዝ ጭኖ ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወስደውን ዳገት ሲይዝ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ሙቀቱ ከፍ ይላል፣ ናይትሪክ ኦክሳይዱም አብሮ ይጨምራል። ሹፌሩ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጥም ብዙ ካርቡራቶሮች ኀይል ለመስጠት ተጨማሪ ነዳጅ ስለሚለቁ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይበዛል። አሪ ሃገን-ስሚት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ የሚታየው ጉም የሚፈጠረው የሃይድሮካርቦንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች በፀሐይ ብርሃን ሲዋሐዱ መሆኑን ካሳየ ወዲህ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድን ሳይቆጥሩ ስለ ከተማ አየር መናገር አይቻልም። እኛ የጠየቅነው መኪናው በመንገድ ላይ ምን እንደሚተፋ ነው፤ መልሱ የመጣው ግን ቆሞ ስለሚተፋው ነው። በቅሎ አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው ያለው እንዲሁ ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት ከፍታን መርሳት ነው፤ ይህም ለጌዴኦ የተለየ ክብደት አለው። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1570 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠረፉ 86 በመቶ ያህል ነው። ወደ ምሥራቅ ተወጥቶ 2500 ሜትር ሲደረስ ወደ 78 በመቶ ይወርዳል። ካርቡራቶር ነዳጁን የሚመጥነው በሚያልፍበት አየር መሳብ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር የነዳጁ ብልጫ የሚያድገው በእፍጋቱ ዝቅታ ካሬ ሥር ልክ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ በባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶር ዲላ ላይ 8 በመቶ ያህል፣ በ2500 ሜትር ላይ 13 በመቶ ያህል ትርፍ ነዳጅ ይሰጣል። ስለዚህ ባለቤቱ ምንም ሳያጠፋ፣ ካንዴላውም ንጹሕ ሆኖ፣ አንዱ መኪና በሁለት ከተማ ሁለት ቁጥር ያወጣል። ኦክሲጅን መለኪያ ያለውና ነዳጁን በኤሌክትሮኒክ የሚረጭ አዲስ ሞተር ግን ይህን ለውጥ በራሱ ያርማል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የልዩነቱን ምክንያት በሙሉ እርጅና ነው ብሎ መደምደም ከፍታውን በመኪናው ላይ መክሰስ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት መቶኛን ከመጠን ጋር ማደባለቅ ነው። በዲላ መንገዶች የሚመላለሰውን ባለ 200 ሲሲ ባጃጅ ከአንድ ባለ 4000 ሲሲ የቤንዚን መኪና ጋር እናነጻጽር። ባጃጁ በደቂቃ 1200 ዙር፣ መኪናው 700 ዙር ቢዞሩ፣ ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚስብ፣ የባጃጁ ሲሊንደር በደቂቃ 120 ሊትር፣ የመኪናው ሲሊንደሮች 1400 ሊትር ይጠርጋሉ። የሁለቱም አየር በእኩል ታፍኖ ይገባል ብንል፣ 4 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣው ባጃጅ በ4.8፣ 1 በመቶ ብቻ ያወጣው መኪና በ14 ይመዘናል። በወረቀቱ ላይ «ንጹሕ» የተባለው ከተወገዘው ሦስት እጥፍ ያህል መርዝ ይለቃል ማለት ነው። መቶኛ ስለ ቃጠሎው ጥራት ይናገራል፤ ስለምንተነፍሰው ብዛት ግን ብቻውን አይናገርም።

በዚህ ላይ ማርሚታው ቀዳዳ ካለው የውጭ አየር ገብቶ ጢሱን ያቀጥነዋል፤ ቁጥሩም በሐሰት ያምራል። ይህን ለማወቅ የካርቦን ሞኖክሳይዱንና የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ድምር ማየት ይበቃል። በባለ አራት ምት ሞተር ድምሩ ከ15 በመቶ በታች ከወረደ ውጤቱ መታረም አለበት። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሳይጽፍ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ብቻ የሚያቀርብ ጥናት አንባቢው ይህን እንዳይመረምር በሩን ይዘጋበታል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል። «መኪናን በተሽከርካሪ ከበሮ ላይ አቁሞ በጭነት የሚፈትነው መሣሪያ ውድ ነው፤ የሚኒሞው ምርመራ ግን ርካሽና ፈጣን ነው፤ ካለን ነገር እንጀምር» ይል ይሆናል። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ነው። የሚኒሞ ምርመራ የተበላሸ ካርቡራቶርንና የማይተኩስ ካንዴላን ለይቶ ያወጣል፤ ለዚህ ጥቅሙ ሊመሰገን ይገባል። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች እንዲመረመሩ ሲያዝም፣ ለቦሎ የተሰለፈን ሕዝብ በሙሉ በረቀቀ ላቦራቶሪ ማስተናገድ እንደማይቻል ግልጽ ነው። ሆኖም 2240 ሜትር ላይ የምትገኘው ሜክሲኮ ሲቲ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሚኒሞ ምርመራ ወደ ጭነት ፈተና የተሻገረችው ችግሩ እውነተኛ ስለሆነባት ነው። የምርመራ ጣቢያ ሥራና የተማሪ ጥናት ደግሞ አንድ አይደሉም። ጣቢያው ያልፋል ወይም ይወድቃል ብሎ ይፈርዳል፤ እኛ ግን ስለ አየሩ እውነቱን እንናገራለን ብለን ተነሥተናል።

ለእኛ ደግሞ ከበሮ ሳያስፈልግ የተሻለ መንገድ አለ። ተንቀሳቃሹን መለኪያ በተሽከርካሪው ላይ ጭኖ፣ በሜዳም በዳገትም እየሄዱ የሁለቱን የካርቦን ጋዞች ምጥጥን መመዝገብ ነው። በነዳጁ ውስጥ የነበረው ካርቦን ከማርሚታው መውጣቱ ስለማይቀር፣ ምጥጥኑ የነዳጁን እጣ ይነግረናል። ለምሳሌ ያህል ካርቦን ሞኖክሳይዱ 4፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 12 በመቶ ቢሆን፣ ጥቂቱን ሃይድሮካርቦን ትተን፣ ከካርቦኑ አንድ አራተኛው በግማሽ ተቃጥሏል ማለት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 640 ግራም ገደማ ካርቦን ስለሚይዝ፣ በእያንዳንዱ ሊትር 370 ግራም ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። በቀን 5 ሊትር የሚያቃጥል ባጃጅ እንግዲህ ወደ 2 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ይለቃል። የማርሚታ ቀዳዳ ሁለቱንም ጋዞች በእኩል ስለሚያቀጥን ምጥጥኑን አያዛባውም። ሹፌሩ በቀን ስንት ሊትር እንደሚቀዳ ደግሞ ራሱ ያውቃል፤ ትሕትና ባለው አነጋገር መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ይህ ሁሉ የቃላት ክርክር እንዳይመስል ጉዳዩ የሚነካቸውን ሰዎች ማሰብ ያሻል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ይልቅ አጥብቆ ይጣበቃል። በመንገድ ዳር ጀበና ጥዳ የምትውል ሴት፣ ጫማ የሚጠርግ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ በመሪው ላይ የሚውል የባጃጅ ሹፌርም ይህን ጋዝ ይተነፍሳሉ። በሌላ ወገን በተዛባ ቁጥር ምክንያት ቦሎ የተከለከለ ሹፌር የዕለት እንጀራውን ያጣል። በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲነገር፣ የጢስ ጥናት ከእንግዲህ ምን ይሠራል ያሉ ነበሩ። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ አዲስ ካልገባ ቀድሞ የገባው እየተጠገነ ለብዙ ዓመት ይነዳል፤ እያረጀ የሚሄድ ሞተርም ከአዲሱ ይልቅ በጥንቃቄ መለካት ይፈልጋል።

ስለዚህ ወደፊት በዚህ መጽሔት የሚወጣ የጢስ ጥናት ሁሉ አራት ነገር አብሮ እንዲጽፍ እጠይቃለሁ፤ የቦታውን ከፍታ፣ ሞተሩ የነበረበትን ጭነትና ዙር፣ የሁለቱን የካርቦን ጋዞች ንባብ፣ የሞተሩንም ስፋት ከነዳጅ አቀራረቡ ጋር። መምህራኖቻችንም እነዚህ የጎደሉበትን ሥራ ቁጥሩ ስላማረ ብቻ እንዳይቀበሉት በአክብሮት አሳስባለሁ።