የተበተነውን መልሶ መግጠም

እ.ኤ.አ. በ1969 ገበያ ላይ የዋለችው ሆንዳ ሲቢ 750 ባለ4 ሲሊንደርና ባለ4 ካርቡሬተር ሞተር ሳይክል ናት። አንዱ ፈታትቶ የተዋትን፣ ቡሎኗ በየጣሳው የተበተነውን ሲቢ መልሶ ማስነሳት ታላቅ ሙያ ነው የምለው፣ ሠሪው ሌላው የጀመረውን በትዕግሥት ተረድቶ መጨረስ ስላለበት ነው። የካርቡሬተሩ የነዳጅ ቀዳዳ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ በሽቦ ከተጎረጎረ ይሰፋና የነዳጅና የአየሩ ምጣኔ ይዛባል። ስለዚህ በማጽጃ ፈሳሽ ዘፍዝፎ በአየር መንፋት ይሻላል። አራቱም ካርቡሬተሮች እኩል ካልሳቡ ደግሞ ሞተሩ ያንገራግራል።

«በዚህ ወጪ ደህናዋን መግዛት አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። በገንዘብ ብቻ ካሰላነው ልክ ነው፤ የጎደሉት መለዋወጫዎች ብቻ ኪስ ያራቁታሉ። ሆኖም ጨርሶ ያስነሳት ሰው እያንዳንዱ ዕቃ ለምን እንደተሠራ ያውቃል፤ ነገ ብትበላሽ ራሱ ይጠግናታል። ለብረት ቁልል የተፈረደባትን ማሽንም ለመንገድ አብቅቷል። ይህ ሊከበር የሚገባው ሥራ ነው።