የማይታየው የመስመር ምልክት፤ የሲ ቋንቋ ስለሚከተለው የጽሑፍ አነባበብ አጭር ሒስ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሚጻፍበት ጊዜ «መስመር» የሚባለው ነገር አንድና ግልጽ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ቀረብ ብለን ስንመረምረው፥ በዊንዶውስ የተጻፈ ፋይል ዘወትር መስመሩን የሚዘጋው በሁለት ምልክቶች፥ ማለት በቁጥር 13 እና በቁጥር 10 ሲሆን፥ ሊኑክስና የዛሬው ማክ በቁጥር 10 ብቻ ይዘጉታል። የቀድሞው ማክ ደግሞ እስከ 9ኛው ዕትሙ ድረስ በቁጥር 13 ብቻ ይጠቀም ነበር። እኛ የምንተቸው ልዩነቱን ራሱን ሳይሆን፥ የሲ ቋንቋ ልዩነቱን ለመሸፈን ያበጀውን ዘዴ ነው።

ልዩነቱስ ምክንያት አለው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. የወጣው የአስኪ ሠንጠረዥ ምልክቶቹን ለየብቻቸው ያኖራቸው፥ የቴሌታይፕ መኪና ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለ ነበሩት ነው። ይኸውም 13 የማተሚያውን ራስ ወደ መስመሩ መነሻ ይመልሳል፤ 10 ደግሞ ወረቀቱን ወደ ላይ ያሳልፋል። መልቲክስና ከእርሱ በኋላ የመጣው ዩኒክስ አንዱ ይበቃል ሲሉ፥ ሲፒኤምና እርሱን የተከተለው ዶስ ሁለቱንም ጠብቀው ለዊንዶውስ አወረሱ።

የሲ ደንብ አንድ ፋይል «በጽሑፍ» ወይም «በባይነሪ» መንገድ እንዲከፈት ይፈቅዳል። በዊንዶውስ ላይ በጽሑፍ መንገድ ሲነበብ ጥንዱ 13 እና 10 ወደ አንድ 10 ይለወጣል፤ በሊኑክስ ላይ ግን ምንም አይለወጥም። አሳቡ ፕሮግራም ጸሓፊውን ከጭንቀት ለማዳን ነበርና መልካም ነው። ሆኖም ዘዴው ፋይሉ እዚያው በሚነበብበት መሣሪያ ላይ እንደ ተጻፈ አድርጎ ያስባል። ፋይል ግን ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ይጓዛል።

ለምሳሌ ያህል በዊንዶውስ የተዘጋጀ፥ በየመስመሩ አንድ ቃል የያዘ የአማርኛ ቃላት ዝርዝር እንውሰድ። የፊደል ግድፈት የሚያርም ፕሮግራም እያንዳንዱን መስመር አንብቦ፥ 10ን ቈርጦ ቃሉን ይይዛል። በዊንዶውስ ላይ «ሰላም» በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 9 ባይት ይሆናል። ያው ኮድ ያንኑ ፋይል በሊኑክስ ላይ ሲያነብ 13 ከቃሉ ጋራ ተጣብቆ ይቀርና 10 ባይት ይሆናል። ተጠቃሚው «ሰላም» ብሎ በትክክል ቢጽፍም ስትሪንጎቹ እኩል አይደሉምና ቃሉ ስሕተት ይባላል። የቃላትን ድግግሞሽ የሚቈጥር ተማሪም ከሁለት ፋይሎች ያመጣው አንድ ቃል ሁለት ሆኖ ይቈጠርበታል። በስክሪን ላይ ግን ልዩነቱ አይታይም። ከሁሉ የከፋው፥ ፕሮግራሙ ሳይቆምና ሳያስጠነቅቅ ሐሰተኛ መልስ መስጠቱ ነው።

አንዳንዶች «በመስመሩ ጫፍ ያለው ባዶ ቦታ ሁሉ ይጠረግ» ይላሉ። ይኽ መድኀኒት ሌላ በሽታ ያመጣል፤ በታብ በተከፈለ ሠንጠረዥ የመጨረሻው ዐምድ ባዶ ቢሆን ታቡ አብሮ ይጠረግና ዐምዱ ይጠፋል። ሌሎች ደግሞ ሁሉም 10ን ብቻ ይያዝ ይላሉ፤ ነገር ግን ኢሜይል የሚላክበት የኤስኤምቲፒ ደንብ ዛሬም ጥንዱን ያዛል።

ከዚህ ይልቅ በ1996 የወጣው የፒኤንጂ የሥዕል ፎርማት ምስጋና ይገባዋል። በፋይሉ መነሻ ከሚገኙት 8 ባይቶች መካከል 13 እና 10 ተከታትለው፥ ኋላም 10 ለብቻው ሆን ተብሎ ገብተዋል። በመንገድ ላይ አንድ መሣሪያ የመስመር መጨረሻ መስሎት ቢለውጣቸው፥ አንባቢው ፕሮግራም ገና ከደጃፉ ያውቀዋል።

ፓይተን 3ም ጽሑፍ ሲያነብ፥ በየትኛውም መሣሪያ ላይ ቢሆን፥ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ሦስቱንም አዘጋግ ወደ 10 ይመልሳልና በዚህ ረገድ ከሲ ይሻላል። ሲጽፍ ግን በዊንዶውስ ላይ ሳይነገረው 10ን ወደ ጥንድ ስለሚለውጥ ከነቀፋ አያመልጥም።

ስለዚህ በሲ የሚጽፉ ጓደኞቻችን ከውጭ የመጣን ጽሑፍ በባይነሪ መንገድ ከፍተው፥ ሦስቱንም አዘጋግ አንድ ጊዜ ከመግቢያው ላይ ወደ 10 እንዲለውጡ፥ በሚጽፉበትም ጊዜ የመረጡትን አዘጋግ በግልጽ እንዲወስኑ እናሳስባለን። ፕሮግራማቸውንም ሲፈትኑ ሦስቱንም ዐይነት ፋይሎች ያቅርቡለት፤ በአንድ ዐይነት ፋይል ብቻ የተፈተነ ፕሮግራም ገና አልተፈተነም።