መሃሉ የማይበወዝ ክሮሞዞም

ስለ ሰብል ማዳቀል የሚጽፉ ሰዎች የሚወዷት አንዲት ምሳሌ አለች፦ የካርታ ብወዛ። የአባትና የእናት ተክል ጂኖች ተበውዘው ለልጆች ይታደላሉ ይሉናል። ገብስ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህች ምሳሌ እውነቷ እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው። የገብስ ክሮሞዞም የሚበወዘው ከላይና ከታች ነው፤ መሃል ያለው ወፍራም ክምር ተጣብቆ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሻገራል። እኛ አዳቃዮች ደግሞ እንጀራችን ያለው በዚሁ ብወዛ ላይ ነው። በአንድ ክሮሞዞም ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ መልካምና መጥፎ ጠባይ የሚለያዩት፣ ጥንዶቹ ክሮሞዞሞች በመካከላቸው ተቆርጠው ቁራጭ ከተለዋወጡ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ስለ አንድ ጂን ሲነገረኝ፣ ምን ይሠራል ከማለቴ በፊት የት ተቀምጧል ብዬ የምጠይቀው።

ልውውጡ የሚፈጸመው ዛላው ገና በቅጠል ሽፋን ተጠቅልሎ ከውስጥ ሳለ ነው። ማየት የፈለገ ሰው ሽፋኑን በጥፍሩ ሰንጥቆ ለጋውን ዛላ ያወጣል። መሃል ላይ ያሉት አበቦች ከጫፍና ከሥር ካሉት ቀድመው ስለሚደርሱ ፍለጋው የሚጀመረው ከመሃል ነው። አንዲት የገብስ አበባ ሦስት የጽጌ ብናኝ ከረጢቶች አሏት። ሦስቱ እኩል ስለሚደርሱ አንዱን ጨፍልቆ መፈተሽ፣ ጊዜው ልክ ከሆነም የቀሩትን ሁለቱን ለቁም ነገሩ ማዋል ይቻላል። ከረጢቶቹ ሦስት እጅ አልኮልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ከቆዩ በኋላ፣ አሴቶካርሚን በተባለ ቀለም ጠብታ ውስጥ በመርፌ ይፈረጣሉ። መርፌው ትንሽ የዛገ ቢሆን ይመረጣል፤ ብረቱ ቀለሙን ያደምቀዋል። አዲስ የሚያብለጨልጭ መርፌ ይዞ የመጣ ተማሪ ቀለሙ ለምን እንደፈዘዘበት ሲጨነቅ አያለሁ።

ሁሉም ነገር ከሰመረ በማይክሮስኮፑ ሰባት ጥንድ ክሮሞዞሞች ይታያሉ። አብዛኞቹ ቀለበት ሠርተዋል፤ አልፎ አልፎ አንዱ ዘንግ መስሎ ይወጣል። ቀለበት የሚሆነው ጥንዱ በሁለቱም ክንዶቹ ሲያያዝ ነው፤ በአንድ ክንድ ብቻ ሲያያዝ ዘንግ ይሆናል። መያያዣዎቹ ክሮሞዞሞቹ ቁራጭ የተለዋወጡባቸው ቦታዎች ናቸው። ለአንድ ጥንድ በአማካይ ሁለት ገደማ፣ ለሰባቱ ጥንድ ተደምሮ 14 ወይም 15 ቢሆን ነው። 5 ቢሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት ላሉት ሰብል ይህ እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህ ብዙም ዝቅ ማለት አይችልም፤ ያልተያያዘ ጥንድ በክፍፍሉ ጊዜ መንገዱን ይስታልና ዘሩ ይመክናል። እንዳሻው እንዳይበዛም አንዱ ልውውጥ በአቅራቢያው ሌላ እንዳይፈጸም ይከለክላል።

የሚያስገርመው ግን ከቁጥሩ ይልቅ ቦታው ነው። መያያዣዎቹ ወደ ጫፍ ይሸሻሉ። ሴንትሮሜር የምንለው የክሮሞዞሙ ወገብና በዙሪያው ያለው ሰፊ ክፍል፣ ከጠቅላላው ጂኖም ግማሽ የሚጠጋው፣ ልውውጥ የሚባል ነገር አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባዶ መሬት ቢሆን ባልከፋ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጂኖች ግን እዚያ አሉ። ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የዲኤንኤው ጥቅጥቅ ብሎ መጠቅለልና ሜቲል በተባለ ኬሚካዊ ምልክት መሸፈን ነበር፤ ትክክል ነው፤ ሆኖም ሁሉንም አያስረዳም። እ.ኤ.አ. በ2012 የበርሚንግሃምና የደንዲ ተመራማሪዎች በገብስ ላይ ያሳዩት የጊዜ ጉዳይ መሆኑን ነው። ጫፎቹ ሥራቸውን ቀድመው ይጀምራሉ፤ መሃሉ ዘግይቶ ሲነሣ ጥቂቶቹ ልውውጦች ጫፍ ላይ ተመድበው ያልቃሉ። ተክሉን በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያሳድጉት ከመያያዣዎቹ አንዳንዶቹ ወደ ውስጥ ገብተው ተገኙ። ክሮሞዞሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ትውልድ ዲቃላ የት ላሳድገው የሚለው ጥያቄ ለእኔ የቦታ እጥረት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ በአንድ የኢትዮጵያ ጂን ላይ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ክሽክሽ የሚያዛምተው ቢጫ ድንክ ቫይረስ የገብስ ክፉ ጠላት ነው። የካሊፎርኒያ አዳቃዮች የዓለምን የገብስ ስብስብ ሲፈትሹ በሽታውን የተቋቋሙት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። ራስሙሰንና ሻለር በ1959 ዋይዲ2 የተባለውን ጂን አስተዋወቁ፤ ዛሬ በተለያዩ አህጉሮች ባሉ ዝርያዎች ውስጥ ይገኛል። ጂኑ የተቀመጠው 3ኤች በሚባለው ክሮሞዞም ላይ፣ ከወገቡ አጠገብ ነው። እንግዲህ ይህን ጂን የፈለገ አዳቃይ ዙሪያውን ያለውን ረጅም የኢትዮጵያ ገብስ ቁራጭ አብሮ ይቀበላል። ደጋግሞ ከምርጥ ዝርያው ጋር መልሶ ቢያዳቅልም ሌሎቹ ክሮሞዞሞች ፈጥነው ወደ ምርጡ ወላጅ ይመለሳሉ እንጂ፣ ይህ ቁራጭ በቀላሉ አያጥርም። የባዕድ ገብስ ነው ምርቱን የጣለው የሚለው ወቀሳ ብዙ ጊዜ የሚሰነዘረው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። የአገር ዘራችንን ከመውቀስ በፊት ጂኑ የተቀመጠበትን ሰፈር ማየት ይገባል ባይ ነኝ።

ልውውጥን የሚዘጋ ሌላም ነገር አለ። በአንዱ ወላጅ ላይ የክሮሞዞሙ አንድ ክፍል ተገልብጦ ከሆነ፣ በዲቃላው ውስጥ ሁለቱ ቅጂዎች በዚያ ቦታ ፊት ለፊት አይገጥሙም፤ በዚያ መሃል ልውውጥ ቢፈጸም እንኳ የሚወጣው ብናኝ ይበላሻል። በ2020 የታተመ የገብስ ጂኖም ጥናት በ7ኤች ክሮሞዞም ላይ 141 ሚሊዮን ፊደላት የሚሸፍን ግልባጭ አገኘ። ምንጩ ዲያማንት የተባለው የቼኮዝሎቫኪያ ዝርያ ነው፤ ቫልቲትስኪ በተባለ ገብስ ላይ ጋማ ጨረር ተለቆ የተገኘ፣ አገዳው አጭር በመሆኑ የተወደደ። አዳቃዮች አጭሩን አገዳ ፈልገው ለአሥርት ዓመታት በወላጅነት ሲጠቀሙበት ግልባጩንም አብረው አሰራጩት፤ ብቅል ፋብሪካዎች የሚወዱት ፕላኔት የተባለው ዝርያም ይዞታል። ፕላኔትን ከአገር ገብስ ጋር ያዳቀለ ሰው በዚያ ክፍል የሁለቱን ቅይጥ አይጠብቅ፤ የሚያገኘው ወይ የአንዱን ሙሉውን ነው ወይ የሌላውን።

ልውውጡን የሚገቱ ጂኖችን ማጥፋትስ? ሬክኪው4 የተባለው ሲጠፋ በሩዝ፣ በአተርና በቲማቲም የልውውጡ ቁጥር ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚደርስ በ2018 ታይቷል። ዜናው ሲሰማ ከባልደረቦቼ ብዙዎቹ ችግራችን አለቀ ብለው ነበር። በእኔ ግምት ደስታው ቸኩሏል። ጭማሪው በአብዛኛው የሚያርፈው ድሮም ልውውጥ ባለበት ወደ ጫፉ ነው።

ስለዚህ የቀረው ብልሃት እቅድ ነው። ገብስ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል በመሆኑ ልውውጥ ትርጉም የሚኖረው ሁለቱ ቅጂዎች እስከተለያዩ ድረስ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ደግሞ በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል። ከመጀመሪያው ትውልድ ዲቃላ ብናኝ ወስዶ ክሮሞዞሙን በአንድ ጊዜ እጥፍ በማድረግ ቋሚ መስመር የማውጣቱ ዘዴ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ብወዛው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የምፈልገው ጂን ጫፍ አካባቢ ከሆነ ይህን ዘዴ ያለማመንታት እጠቀማለሁ። ወደ ወገብ የተጠጋ ከሆነ ግን ዲቃላዎችን እርስ በርስ ደግሜ አዳቅዬ፣ ከብዙ ተክል መካከል በዲኤንኤ ምልክት የተቆረጠውን እፈልጋለሁ። ሥራው በወረንጦ ነው፤ ብናኙ ሳይፈነዳ ሦስቱን ከረጢቶች ከየአበባው መንቀል፣ ዛላውን በስስ ወረቀት ሸፍኖ ሴቴዋ እስክትደርስ መጠበቅ። የድርብ ማዳቀሉ ወጪ በበጀት ስብሰባ ላይ ሁሌ ያከራክረናል።

አሁን አሁን ወላጅ ስመርጥ የማየው በመጀመሪያ መሃሉን ነው። የክሮሞዞሙ መሃል ሳይፈርስ የሚተላለፍ ከሆነ የሚመረጠውም በጥቅሉ ነው፤ ስለዚህ በየክሮሞዞሙ መሃሉ የሚመሳሰሉትን ወላጆች በአንድ ወገን መድቤ፣ የትኛው መሃል በደጋው ውርጭና በአሲዳማው አፈር ላይ እንደሚሻል በመስክ እፈትናለሁ። የተሻለውን መሃል የያዙትን ሁለት ወላጆች ካገኘሁ በኋላ በጫፎቹ ላይ ያለውን ልዩነት ለብወዛው እተወዋለሁ፤ እሱ እዚያ ሥራውን ያውቃል።