ከወዳደቀ ዕቃ የሚሠራ ቤተ ሙከራ

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው የሳይንስ ማስተማሪያ ምንጭ መጽሐፍ፣ መነሻው በ1948 ጦርነት ላወደማቸው አገሮች መምህራን የተዘጋጀ ጽሑፍ ነበር። ከቆርቆሮ፣ ከጠርሙስና ከሽቦ መሣሪያ መሥራት እንደሚቻል በማሳየቱ «ቤተ ሙከራ የለንም» የሚለውን ምክንያት ውድቅ አድርጎታል። ታላቅ ብርታቱም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ የመሣሪያው መሠራት ብቻውን ተማሪውን ተመራማሪ አያደርገውም። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ቴርሞሜትሩ 92 እያሳየው በደብተሩ 100 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ እጁ ሠርቷል፤ ዓይኑ ግን አላየም። ይህን «ትክክል» ብሎ የሚያርም መምህርም ያስተማረው ሳይንስን ሳይሆን መታዘዝን ነው። ስለሆነም የፈተና አዘጋጆች ከተሸመደደው ቁጥር ይልቅ ተማሪው ያየውንና የልዩነቱን ምክንያት፣ ማለትም በከፍታ ቦታ የአየር ግፊት መቀነሱን፣ ሲጠይቁ መጽሐፉ ዓላማውን ይመታል።