የበዛብህ ዝምታ

በልጅነቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምቆምባት አንዲት ቦታ ነበረችኝ፤ ከበሩ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጥግ። ትልልቆቹ በልተው እስኪነሡ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እቆማለሁ። ስጠራ ወጥቼ እጅ አስታጥባለሁ። «ስምህ ማን ነው?» ስባል ስሜ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይላሉ እንግዶቹ፤ የእናቴም ፊት ይበራል። ዓይነ አፋርነቴ ሕመም ሆኖ ሳለ ምርቃት እየዘነበለት አደገ።

ይህን የማነሣው የሕይወት ታሪኬን ልተርክ ብዬ አይደለም። ብዙ ሒስ የተጻፈበት አንድ መጽሐፍ አለ፤ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ያደገ ሰው ሲያነበው የሚታየው ነገር ግን ብዙም ሲነሣ አልሰማሁምና ነው። መጽሐፉ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

እንደ ብዙ ሰው እኔም መጽሐፉን መጀመሪያ የተዋወቅሁት በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ፣ በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። በፊታውራሪ መሸሻ ስቄአለሁ፤ በጉዱ ካሣ ተደንቄአለሁ፤ ለሰብለ ወንጌል አልቅሻለሁ። በበዛብህ ግን አፈርሁበት። ያፈርሁበት ራሴን ስላየሁበት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ የሚሰነዘሩት አስተያየቶች በአብዛኛው በሁለት መንገድ ይሄዳሉ። አንደኛው ወገን የሁለት ወጣቶች አሳዛኝ የፍቅር ታሪክ ነው ይላል። ሁለተኛው የባላባቱን ሥርዓትና የዘር ቆጠራውን ግፍ ያጋለጠ ነው ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሁለቱም ግን መጽሐፉን የሚጀምሩት ከመካከሉ፣ በዛብህ ከፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ከሚገባበት ነው። ደራሲው የጀመሩት ግን ከማንኩሳ ነው፤ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ቤት።

በዚያ ቤት ምን ሆነ? ልጁ ስለት ሆነ። ወላጆቹ ልጃችንን ብታቆይልን ላንተው አገልጋይ ይሁን ብለው ለእግዚአብሔር ሰጡት። እንግዲህ በዛብህ አፉን ከመፍታቱ በፊት ስለ እርሱ ተነግሮ አልቋል። የሚማረው፣ የሚኖርበት፣ ሚስት ማግባት አለማግባቱ ሳይቀር በሌላ ሰው አፍ ተወስኗል። ወላጆቹን ክፉዎች ናቸው ለማለት አይደለም። የተሳሉት ከፍቅር ብዛት ነው፤ ከባዱም ነገር ይኸው ነው። ከጠላት የመጣ ፍርድ ይግባኝ ይባልበታል። ከእናት ፍቅር የመጣ ፍርድ ግን ለማን ይግባኝ ይባላል?

የበዛብህን ዓይነ አፋርነት እንደ ተፈጥሮው አድርገን የምናልፈው ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን የስለቱ ልጅ ነው እላለሁ። ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር ያልቀረለት ሰው ዝም ከማለት በቀር ምን ያደርጋል?

ከዚያ የሚሄድበት የቆሎ ተማሪ ዓለም ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ ከውሻ እየተከላከለ ቁራሽ የሚለምን ልጅ ዓይነ አፋር ሆኖ አይዘልቅም፤ ወይ ይጮኻል ወይ ይራባል። የቅኔ ቤት ተማሪም ለብቻው ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ በመምህሩ ፊት መንገር አለበት። ስለዚህ ያ ትምህርት ቤት ዝምተኛውን ልጅ አፍ ያስፈታዋል። በዛብህም ድምፁ ያማረ፣ የተመሰገነ ባለሙያ ይሆናል። ነገር ግን የተፈታው አፉ በግእዝ ለፈጣሪ ምስጋና የተፈታ ነው። ቅኔው ወርቁን በሰም መሸፈን ያስተምራል እንጂ «እኔ ይህን እፈልጋለሁ» ብሎ በግልጽ መናገርን አያስተምርም። በመቅደስ ድምፁ የሚያስተጋባው ሰው፣ ስለ ገዛ ልቡ ሲሆን ድምፁ ይሰልላል። ከበዛብህ ጠባይ እጅግ የረቀቀው ነገር ይህ ነው።

አጠገቡ ደግሞ ካሣ ዳምጤ አለ። ካሣ የሚያስበውን ይናገራል፤ በባላባቱም በካህኑም ፊት ይናገራል። አገሩ ምን ብሎ ጠራው? «ጉዱ»! ደራሲው ሁለቱን ወዳጅ አድርገው ጎን ለጎን ማቆማቸው እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም። የሚናገረውን ጉድ፣ ዝም የሚለውን ጨዋ የሚል ኅብረተሰብ ለወጣት የሚያሳየው ሁለት መንገድ ብቻ ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያልን አሳድገን፣ አድጎ ሲቸገር «ለምን ራሱን አልቻለም?» እንላለን።

ሰብለ ወንጌልም ከዚህ አልወጣችም። አባቷ ጠያቂውን ሁሉ ዘር እየቆጠሩ ሲመልሱባት ዕድሜዋ ሄዷል። ስለዚህ በመምህርና በተማሪ ስም የተገናኙት ሁለቱም ስለ ራሳቸው ያልተጠየቁ ሰዎች ናቸው። ፍቅራቸው ያን ያህል የበረታው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቅ ሰው በማግኘታቸው ጭምር ይመስለኛል።

በዛብህ ነፍሱን ለማዳን ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። እዚህ ላይ ከደራሲው ጋር እከራከራለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው፣ ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ በመግባት ዘመናዊ ትምህርት የቀጠሉ ሰው ናቸው። በኋላም በጣልያን ወረራ ዘመቱ፣ ተማርከው ኢጣልያ ታሰሩ፣ ተመልሰው ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆኑ፤ ይህን መጽሐፍ ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ስድስት ዓመት ግድም ነበር። የእርሳቸውም መንገድ ጠመዝማዛ ነበር፤ ግን አደረሳቸው። ታዲያ ከዲማ አዲስ አበባ የሚወስደውን ያንኑ መንገድ ገጸ ባሕርያቸው ሲሄድበት ለምን አላደረሰውም?

መልሱ መጽሐፉ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ደራሲው የሄዱት ወደ ትምህርት ነው፤ በዛብህ የሄደው ከሞት ሸሽቶ ነው። ከምን እንደሚሸሽ ያውቃል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን ገና አላወቀም። ከአንድ ስፍራ መራቅ ብቻውን አቅጣጫ አይሆንም። አቅጣጫውን ባገኘ ጊዜ ደግሞ ዕድሜ አጣ፤ ሰብለ መነኩሴ መስላ ፍለጋ ስትወጣ መንገድ ላይ፣ በሞት አፋፍ ታገኘዋለች።

ቅር የሚለኝ ግን አለ። ለካሣ ረጅም ረጅም ንግግር የሰጡት ደራሲ፣ በዛብህ በአዲስ አበባ ብቻውን በነበረበት ጊዜ ውስጡ ምን ይመስል እንደ ነበር ያን ያህል አላሳዩንም። ስለቱ የማይታይበት፣ የማንኩሳም የዲማም ሰው በሌለበት ከተማ፣ ሰው ራሱን ሲያገኝ ማየት ነበረብን። ልጁን ያሳደጉበትን ትዕግሥት ወጣቱ ላይ አሳጠሩት። አሳዛኝ ፍጻሜውን አልቃወምም፤ ወደ ፍጻሜው የተኬደበት ጥድፊያ ግን የመጽሐፉ ጉድለት ነው።

ይህን የምለው ያን ጊዜ በራሴ ላይ ስላየሁት ነው። እኔንም ዘመድ አዝማዱ «እሱማ ሐኪም ነው» ብሎ ተስሎኝ ነበር። አልፈልግም ለማለት አፍ አልነበረኝምና ሁለት ዓመት በማልወደው ትምህርት ተቀምጬ ወደቅሁ። ከዚያ በዘመድ ሱቅ ሒሳብ ስይዝ ቆየሁ። በባንኮኒው ሥር ያስቀመጥሁት መጽሐፍ ይኸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። የማንኩሳን ምዕራፎች ደግሜ ያነበብሁ ዕለት ማታ አባቴ ፊት ቁጭ ብዬ፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ፣ «ቋንቋ መማር እፈልጋለሁ፤ መምህር መሆን እፈልጋለሁ» አልሁ። አባቴ ብዙ ዝም ብሎ፣ «እስከ ዛሬ ምነው ሳትነግረኝ?» አለኝ። ለካስ እርሱም ሲጠብቅ ኖሯል! መምህር የሆንሁት በሠላሳ ዓመቴ ነው።

አሁን በክፍሌ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ስሙ ሲጠራ የሚደነግጥ ልጅ አላጣም። «ጨዋ ነው» ይሉኛል ባልደረቦቼ። እኔ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳስተምር ከሰብለ አልጀምርም፤ ከስለቱ እጀምራለሁ። በዛብህን ቢጠይቁት ምን ይል ነበር ብዬም ጽፈው እንዲያመጡ አዛለሁ። ከፍ ብሎ መናገር የማይችለው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙን ጽሑፍ ይዞ ይመጣል።