የሚኒሶታው መጠይቅ በደቡብ ጎንደር ደጋ

የልብ ድካም ያለባቸውን ሕሙማን የኑሮ ጥራት ለመለካት በብዛት ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው መጠይቅ ነው። 21 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሞላል፤ ድምሩ 105 ሊደርስ ይችላል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ኑሮው መክፋቱን ያሳያል። አጭርና የማያስቸግር በመሆኑ መወደዱ አያስገርምም። ነቀፌታዬ ያረፈው በአንዲት መመሪያ ላይ ነው፤ ጥያቄው ሕመምተኛውን የማይመለከት ከሆነ 0 ይሞላ ትላለች።

በዚህም «ምንም አላስቸገረኝም» ያለና «እንዲህ ያለ ነገር በኑሮዬ የለም» ያለ እኩል ይቆጠራሉ። ከጉና ተራራ ግርጌ የመጣ ገበሬ ስለ ስፖርትና ስለ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሲጠየቅ መልሱ 0 ነው። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። የከፋው፣ ሕመሙን ለመቋቋም የተወሰደው እርምጃ ራሱ ጤንነት መስሎ መቆጠሩ ነው። መሬቱን ለእኩል የሰጠ ሰው «ባለፈው ወር መሥራት አስቸግሮዎታል?» ሲባል «እኔ ምን እሠራለሁ፣ የሚያርስልኝ አለ» ይላል። ዳገት ላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያን የቀሩ እናት መንገድ ስላልወጡ አልደከማቸውም። ልጃቸው ውኃ ለመቅዳት ከትምህርት ብትቀርም «ለቤተሰብዎ ሸክም ሆነዋል?» ለሚለው «ልጄ አይደለችምን!» የሚል መልስ ይሰጣሉ። ድምሩ ዝቅ ይላል፤ እኛም «ተሽሏቸዋል» ብለን ቀጠሮውን እናርቃለን።

ጉዳዩ የአሞላል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች በ1,006 የልብ ድካም ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 52 ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በምዕራቡ ዓለም አብዛኛው ሕመምተኛ ጡረተኛ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ሰው ነው የሚታመመው።

መጠይቁ ጨርሶ የማያውቃቸው ነገሮችም አሉ። ላሲክስ በገበያ ቀን አይዋጥም፤ በመንገድ ሽንት ያጣድፋልና። በጾም ወራት የጠዋቱ ክኒን ከቅዳሴ በኋላ ይቆያል፤ ጸበል የገባም ሰው መድኃኒቱን አቋርጦ ሊመጣ ይችላል። («በስንት ትራስ ይተኛሉ?» የምንለውም የከተማ ጥያቄ ነው፤ መደብ ላይ ግድግዳ ተደግፎ የሚያድር ሰው ትራስ አይቆጥርም።)

መጠይቁ ይጣል አልልም፤ ከሌሎች አገሮች ጋር ያነጻጽረናል። ሆኖም 0 በተሞላበት ሁሉ «አላስቸገረኝም» ወይስ «ትቼዋለሁ» የሚል መለያ ይጨመር። ከድምሩም ጎን ሦስት መልሶች በካርዱ ላይ ይጻፉ፦ ዘንድሮ መሬትዎን ማን አረሰው? ውኃውን ማን ይቀዳል? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱት መቼ ነው?